ስልካችሁ ላይ ድምፁ ብቻ ለሚሰማ ቪዲዮ

ኮምፒውተር ላይ ጥሩ የሚሠራ ቪዲዮ ስልክ ላይ ምስሉ ከጠቆረ ወይም ከተቆራረጠ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኤች.265 (H.265) በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ መታመቁ ነው። የቆዩ ስልኮች ይህን የሚፈታ ቺፕ ስለሌላቸው ሥራው ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል፣ ባትሪም ይበላል።

ሃንድብሬክ (HandBrake) የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑና ምስሉን የቆዩ ስልኮችም ወደሚፈቱት ኤች.264 (H.264)፣ ድምፁን ኤኤሲ (AAC) ወደሚባለው የድምፅ ማመቂያ፣ የምስሉን መጠን ወደ 720ፒ (720p) ቀይሩ፤ ለትንሽ ስክሪን 1080ፒ ሜሞሪ መጨረስ ነው። ቢትሬት (ቪዲዮው በሴኮንድ የሚወስደውን የዳታ መጠን) አትገምቱ፣ አርኤፍ (RF) የሚለውን የጥራት ቁጥር 22 አካባቢ አድርጉት። ቁጥሩ ከፍ ሲል ፋይሉ ያንሳል፣ ጥራቱም ይወርዳል።

ፋይሉ ድሮውንም ኤች.264 ሆኖ ደህና የሚሠራ ከሆነ ግን አትንኩት፤ እንደገና በታመቀ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ዋናውንም ፋይል፣ አዲሱ ስልኩ ላይ መሥራቱን ሳታዩ እንዳታጠፉት።