ሳይሰማን ቦርድ የሚገድል ስታቲክ፦ ችግርና መፍትሄ ለጥገና ባለሙያዎች

ፒያሳ ባለችው የጥገና ክፍሌ ውስጥ ክረምት ላይ ብዙም የማላየው ብልሽት አለ። ኅዳር ሲገባ ይጀምርና እስከ ጥር መጨረሻ አይለቀኝም፤ ሲከፈት ይሠራ የነበረ ስልክ ሲገጠም ዝም ይላል፤ ገና ከማሸጊያው የወጣ ራም አይነበብም። ምክንያቱ ስታቲክ ነው፤ ነገሮች ሲተሻሹ ሰው ላይና ዕቃ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ። በክረምት በየዕቃው ላይ በስሱ የሚያርፈው እርጥበት ስታቲኩን ቀስ እያደረገ ያፈሰዋል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ የሚያፈሰው ይጠፋል። ማታ ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣውም ይኸው ነው።

ምልክት፦ ቦርዱ እጃችሁ ላይ ሞተ፤ የነዘራችሁ ነገር ግን የለም

«አልነዘረኝም» ብሎ ስታቲክን ነጻ ማውጣት ትልቁ ስህተት ነው። ሰው ብልጭታውን በጣቱ የሚያውቀው ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከ100 ቮልት ባነሰ የሚጎዱ አይሲዎች (ቦርዱ ላይ ያሉ ቺፖች) ደግሞ አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ እኛ ሳናውቀው በጣታችን ያልፋል። በአይሲው ውስጥ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚሠራው ሞስፌት መቆጣጠሪያ እግር (ጌት) ሥር ያለችው መከላከያ ንጣፍ ውፍረቷ በናኖሜትር የሚለካ ስለሆነ ትበሳለች፤ የተበሳች ደግሞ አትጠገንም።

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። መልቲሜትሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጋችሁ ዋና ዋና የኃይል መስመሮችን ከግራውንድ (ከቦርዱ የጋራ ነጌቲቭ) ጋር ለኩና ከተመሳሳይ ጤነኛ ቦርድ ጋር አስተያዩ። ብልሽቱ ዩኤስቢ ላይ ከሆነ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ከመሰኪያው አጠገብ ያለችው መከላከያ ዳዮድ ብልጭታውን ራሷ ተቀብላ ሾርት ሆና ሊሆን ይችላል። አንሷትና እንደገና ለኩ፤ መስመሩ ከተስተካከለ ተመሳሳይ ዳዮድ ተኩ። «ያለ እሷም ይሠራል» ብሎ ገጥሞ መመለስ የደንበኛውን ስልክ ለሚቀጥለው ብልጭታ ማጋለጥ ነው። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሳይ ያመኛል።

ምልክት፦ ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ ከሳምንታት በኋላ የተመለሰ

ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት ተማሪ የላፕቶፕ ራም ቀየርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ፈተሽኩት፤ አንድም ስህተት አላወጣም። በሦስተኛው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ሳለ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ ቆመ። ያንን ራም ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ያመጣሁት በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሹራብ ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ታክሲ ውስጥ ተጋፍቼ ነው። ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ስታቲክ ሁልጊዜ አይገድልም፤ ብዙ ጊዜ ያቆስላል። የቆሰለው የዕቃው ክፍል (ራም ወይም አይሲ) ፈተናውን ያልፋል፤ ሙቀትና ሥራ ሲደራረብበት ነው የሚወድቀው። የቆሰለን ክፍል በመልቲሜትር ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ መፍትሄው ክፍሉን መቀየርና ዕቃው ሱቃችን እስኪደርስ ያለውን መንገድ ማስተካከል ነው። ፌስታል ሲታሸ ስታቲክ ያመርታል፤ ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላጥም እንዲሁ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚታሸግበት ሮዝ ከረጢት ራሱ ስታቲክ አያመርትም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን ብልጭታ አይከለክልም። የሚከልለው ብርማው ነው፤ እሱም አፉ ከተዘጋና ካልተበሳ። ብርማ ከረጢት ሲጠፋ ራምን ወይም ነጠላ አይሲን በአልሙኒየም ፎይል መጠቅለል ከፌስታል ይሻላል። ማዘርቦርድን ግን በፎይል አትጠቅልሉ፤ ላዩ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ሾርት ያደርጋታል። ሻጭ ከብርማው አውጥቶ በፌስታል ሲሰጣችሁ «ከነከረጢቱ ስጠኝ» በሉ።

ምልክት፦ የእጅ አምባር አስሬም ክፍል ይሞትብኛል

የእጅ አምባር የምንለው ከሰውነታችን ስታቲኩን በሽቦ ወደ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) የሚያፈስ ማሰሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሽቦው ከምንም ጋር አልተገናኘም። ሦስት ነገር ፈትሹ።

አንደኛ፣ ብረቱ ቆዳ ላይ ነው ወይስ የሹራብ እጅጌ ላይ? ሁለተኛ፣ አምባሩን እንደታሰረ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በጣታችሁ ጨብጣችሁ ሌላውን ከሽቦው መጨረሻ ጋር አገናኙ። ሽቦው ውስጥ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ስላለ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። ጨርሶ ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፤ ዜሮ አካባቢ ካነበበ ጣሉት። ያ ሬዚስተር ለእናንተ ሕይወት የተቀመጠ ነው፤ በስህተት 220 ቮልት ብትነኩ በአምባሩ በኩል የሚያልፈውን ወደ 0.22 ሚሊ አምፒር ያወርደዋል።

ሦስተኛው ኧርዝ ነው፣ የከተማችን ዋና ችግር። የዲቫይደሩ ኧርዝ ብረት ቦታው ላይ ስላለ ብቻ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል ማለት አይደለም። በፌዝና በኧርዝ መካከል ለኩ፤ ወደ 220 ካልሆነና ቁጥሩ ከተንሳፈፈ ኧርዝ የለም፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። በአዳዲስ ህንጻዎች የውሃ ቧንቧው ፕላስቲክ ስለሆነ እሱ ላይ ማሰር አይሠራም። ኑትራል ላይ ማሰር ደግሞ ሰው ይገድላል፤ በጭራሽ አታድርጉት።

ኧርዝ እስኪገባ ድረስ አምባሩን፣ የጠረጴዛውን ፀረ ስታቲክ ምንጣፍና የዕቃውን ብረት አንድ ነጥብ ላይ አገናኙ፤ ዕቃው ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ብልጭታ የሚፈጠረው በሁለት ነገሮች የቮልት ልዩነት ነውና እኩል ሲሆኑ የሚዘል ነገር አይኖርም። የፕላስቲክ ኩባያን፣ ፌስታልንና ፎምን ግን ኧርዝ አያፈሳቸውም፤ ከቦርዱ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር አርቋቸው።

ምልክት፦ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ እያለ ሲዳሰስ ይነዝራል

ይህ ስታቲክ አይደለም። ስታቲክ አንዴ ብልጭ ብሎ ያበቃል፤ ይህ እጃችሁ እስካለ ይቀጥላል። ኧርዝ በሌለበት የቻርጀሩ ማጣሪያ ካፓሲተሮች የላፕቶፑን ብረት ወደ 110 ቮልት ገደማ ያንሳፍፉታል። አቅሙ ደካማ ነው፤ ለአይሲ ግን ይበቃል። ከመክፈታችሁ በፊት ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ።

ሁለት ጥርስ ብቻ ባለው ስፒና የሚሠራ መበየጃም እንዲሁ ኮረንቲ ሊያሳልፍ ይችላል። ባለ ኧርዙን ግዙና ነቅላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ከጫፉ እስከ ስፒናው ኧርዝ ለኩ። ጥቂት ኦም ካነበበ ደህና ነው፤ ካልሆነ ጫፉ ኦክሳይድ ይዟል ወይም ላልቷል፤ አውጥታችሁ መቀመጫውን አጽዱና እንደገና ለኩ።