የጋማ ጨረር ፍንዳታ የት እንደደረሰ ሲፈለግ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የጋማ ጨረር ፍንዳታ በሰማይ ላይ ድንገት የሚታይ ብርቱ የጋማ ጨረር ብልጭታ ነው። ፍንዳታው «ተመዘገበ» ሲባል ብዙ ሰው «ቦታው ታወቀ» የተባለ ይመስለዋል። ነገሩ ለየቅል ነው። ድብቅ የኑክሌር ሙከራ እንዲጠብቁ የተላኩት የአሜሪካ ቬላ ሳተላይቶች በ1967 እ.ኤ.አ. ፍንዳታ መዝግበዋል፤ የአንዱን ፍንዳታ ርቀት ለመለካት ግን እስከ 1997 መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ሳተላይቱ እንደ ካሜራ ፎቶ ያነሳል ማለትም ስህተት ነው። ጋማ ጨረርን በተለመደው መስታወትና ሌንስ መሰብሰብ አይቻልም። የናሳው ፌርሚ ሳተላይት ወደተለያየ አቅጣጫ የዞሩ 12 የሶዲየም አዮዳይድ ዳሳሾች አሉት፤ የትኛው ብዙ እንደቆጠረ አነጻጽሮ አቅጣጫውን ይገምታል። ግምቱ በበርካታ ዲግሪ ሊስት ስለሚችል የመሃሉን ነጥብ ብቻ ይዞ ጠባብ እይታ ያለው ቴሌስኮፕ ማዞር ጊዜ ማባከን ነው። መታየት ያለበት በነጥቡ ዙሪያ የተሰጠው ክልል ነው። ሌላው የናሳ ሳተላይት ስዊፍት ግን ራሱ ዞሮ በኤክስሬይ ቴሌስኮፑ ስለሚያይ ክልሉን በእጅጉ ያጠባል።

በጊዜ ልዩነት ቦታ ሲሰላ የሚፈጸመው ስህተት ይብሳል። ሁለት ሳተላይቶች 300,000 ኪሎ ሜትር ተራርቀዋል እንበል። ብርሃን ይህን ርቀት በ1 ሰከንድ ገደማ ያቋርጣል። ጨረሩ አንደኛው ዘንድ በግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ከደረሰ፣ ምንጩ ሁለቱን ከሚያገናኘው መስመር በቀደመው በኩል 60 ዲግሪ ላይ ነው። ግን በየትኛው ጎን? አይታወቅም፤ የተገኘው በሰማይ ላይ የተሳለ ቀለበት እንጂ ነጥብ አይደለም። ሦስተኛ ሳተላይት ሲጨመር ቀለበቶቹ ሁለት ቦታ ይቆራረጣሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ለመጣል ደግሞ ሌላ መረጃ ያስፈልጋል። ሰዓታቸው በ10 ሚሊ ሰከንድ ቢዛነፍ እንኳ ቀለበቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ፣ ማለትም ከሙሉ ጨረቃ ስፋት በላይ ይሳሳታል። ስለዚህ ሁለቱም ለምድር ቅርብ ከሆኑ ዘዴው ብዙም አይረባም፤ አንዱ ወደ ማርስ አካባቢ ሲሆን ያኔ ነው ጉልበት የሚያገኘው።

የተመዘገበ ሁሉ የሩቅ ፍንዳታ አይደለም። ፀሐይም፣ ማግኔታርም (እጅግ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ያለው የኒውትሮን ኮከብ)፣ የምድር ነጎድጓዳማ ደመናም ዳሳሹን ያነቁታል።

«ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ የግዙፍ ኮከብ ሞት ነው» የሚለውንም በጭፍን አይከተሉ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. የታየው ፍንዳታ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ የኮከቦች ውህደት ምልክት አሳይቷል።

የበለጠ ደማቅ ሲሆን መረጃው ይሻላል ማለትም አያዋጣም። ጥቅምት 9 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. የደረሰው ፍንዳታ የፌርሚን ዳሳሾች አጥለቅልቋቸው ነበር፤ የድምቀቱን ጫፍ ለመለካት የተሻለው ጌካም-ሲ የተባለው የቻይና የጠፈር መሣሪያ መዝገብ ሆነ።