አስቤዛው ቤት ውስጥ ይለቅ፦ ከድሬ ወጥታችሁ ባሕር ማዶ አዲስ ለገባችሁ

ድሬ ላይ አስቤዛ የየዕለት ጉዳይ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር ከፊራ ገበያ ብቅ ይባላል። አንድ መደብ ቲማቲም፣ አንድ መደብ ሽንኩርት፣ ቃሪያው በምርቃት። ማታ ዘይት ቢያልቅ የሰፈር ሱቅ አለ፤ ብር ቢያጥር በዱቤ ይጻፋል። ዋጋ የሚቀንሰውም እዚያው መደቡ ፊት ቆሞ በመከራከር ነው። እናቶቻችን በዚህ የተካኑ ናቸው።

ባሕር ማዶ ይህ ሁሉ የለም። ዋጋው መደርደሪያው ላይ ተለጥፏል። የምትከራከሩት ሰው የለም፤ ዱቤም የለም። ስለዚህ የክርክሩ ቦታ ይቀየራል። ገንዘብ የሚተርፈው ከቤት ሳትወጡ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ ነው።

እኔ ዓመታት ውጭ ኖሬ አሁን ተመልሼ ድሬ ነኝ። ከቶሮንቶም፣ ከሚኒያፖሊስም፣ ከለንደንም አዲስ የገቡ ልጆች ይደውሉልኛል። ከቤት ኪራይ ቀጥለው የሚያነሱት የምግብ ወጪን ነው። "እትዬ፣ ርካሽ ሱቅ የቱ ነው?" ይሉኛል። ሱቅ መምረጥ ይጠቅማል፣ አልክድም። ነገር ግን "በዚህ ሳምንት ምን እንበላለን?" የሚለውን ጥያቄ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ከመለሳችሁ፣ ውድ በሚባለው ሱቅም ቢሆን ወጪያችሁ ይቀንሳል። ያለ ሊስት የገባ ሰው ለሁለት ዕቃ ሄዶ ጋሪ ሞልቶ ይወጣል።

መጀመሪያ ፍሪጁን ክፈቱ

በሳምንት አንድ የግዢ ቀን ምረጡ። በዋዜማው ማታ ፍሪጁን፣ ፍሪዘሩንና የእህል መደርደሪያውን ከፍታችሁ ያለውን ጻፉ። ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ጥቂት ካሮት፣ ኪሎ የማይሞላ ምስር፣ መጠውለግ የጀመረ ቆስጣ። የሳምንቱ እቅድ የሚነሳው ከእነዚህ ነው። ቆስጣው ዛሬውኑ ይሠራል። ጎመኑና ካሮቱ የሰኞ አልጫ ይሆናሉ፤ የሚጎድለው ድንች ብቻ ነው። ስለዚህ ሊስቱ ላይ ድንች ይጻፋል፣ ሌላ ጎመን አይጻፍም።

ከዚያ የሰባቱን ቀን እራት ጻፉ። ማን ማታ ሥራ እንደሚገባ፣ ማን ቤት እንደሚበላ አብራችሁ አስቡ። የማታ ፈረቃ ያለበት ሰው ምሳ ዕቃው ውስጥ የሚይዘው ምግብ እቅዱ ውስጥ ከሌለ፣ ውጭ ገዝቶ ይበላል። አንድ ቀን ባዶ ተዉ። የተረፈ ምግብ የሚበላበት ቀን ያስፈልጋል፤ ሁሌም የሚተርፍ አለ።

ጾም የሚጾምበት ቤት እቅዱ በከፊል ተጽፎ ያለቀ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከሊስቱ ይወጣሉ። ሙስሊም ቤት ግን ረመዳን ወጪው ከፍ ይላል። ሳምቡሳ አለ፣ ሾርባ አለ፣ ቴምር አለ፣ እንግዳም አለ። ከወሩ በፊት ባለው ሳምንት ሳምቡሳውን ጠቅልላችሁ፣ ሳትጠብሱ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። በዚያ ወር ከሥራ ደክሞ የሚመለስ ሰው የተዘጋጀ ሳምቡሳ ከሱቅ አይገዛም።

ሩዝና ፓስታን እንደ ፈረንጅ ምግብ የሚያዩ አሉ። ለድሬ ልጅ ግን ሁለቱም የቤት ምግብ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ብታስገቧቸው የእንጀራው ወጪ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ቁሌት

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ቁሌትን እመርጣለሁ። ሽንኩርት በትልቁ ከረጢት ሲገዛ ኪሎው በጣም ይረክሳል። የእረፍት ቀናችሁ ላይ አራት አምስት ኪሎ ክተፉና ትልቅ ድስት ጣዱ። ዘይት ሳትጨምሩ በመጠነኛ እሳት አብስሉት። መጀመሪያ ውኃ ያወጣል፣ ድስቱ ሙሉ ይመስላል። እያማሰላችሁ ውኃው ሲመጥ ሽንኩርቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወርቃማ ይሆናል፤ የድስቱን ቂጥ መያዝ ይጀምራል። ያኔ ዘይቱ ይገባል። ለአልጫ የሚሆነውን አሁን ቀንሳችሁ አውጡ። በቀረው ላይ በርበሬውን ጨምሩና ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል። ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በርበሬው በስሏል ማለት ነው።

ሲቀዘቅዝ ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየለያችሁ በትንንሽ ዕቃ ወይም በፍሪዘር ላስቲክ ክተቱት። ላስቲኩን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙት፤ ቦታ አይዝም፣ ቶሎም ይቀልጣል። ቀኑን ጻፉበት። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለሱ አንዱን አውጥታችሁ ምስር ከጨመራችሁበት፣ እራት በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ሐሙስ ሌላውን በሥጋ ወይም በድንች። ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ? ኪስ የሚያራቁተው ስስት ሳይሆን ድካም ነው። አሥር ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ሽንኩርት መላጥ ሲያስብ ስልኩን አንስቶ ፒዛ ያዛል። ሕፃናትም እየራባቸው ነው፤ አይፈረድበትም። ቁሌቱ ፍሪዘር ውስጥ ካለ ግን ያ ትዕዛዝ ይቀራል። የአንድ ቀን የውጭ ምግብ ለአንድ ቤተሰብ የሚወጣበት ገንዘብ ምስርና ሽሮ ለቀናት ይገዛል።

አፓርታማ ውስጥ በርበሬ ስታቁላሉ መስኮት ክፈቱ፤ የጭስ መሳቢያውንም አብሩ። የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ ኮት እዚያ ይሰቀል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ቶሎ ይጮኻል።

ጤፍ፣ ማሽላና የሕንድ ሱቅ

እንጀራ ከአስቤዛው ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከልክሎ ነበር። ተጋግሮ ያለቀ እንጀራ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ጤፍም ውጭ ይመረታል፣ አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ አይዳሆ ላይ ይበቅላል። ያም ሆኖ ዋጋው ከስንዴ ጋር አይወዳደርም። ታዲያ እኛ ሐረርጌዎች የማሽላ እንጀራ ስንበላ ነው ያደግነው። ማሽላ በሕንድ ሱቅ ውስጥ ጆዋር ይባላል፣ ዱቄቱ ዋጋው የጤፍን አይደርስም። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ማሽላ አድርጋችሁ ጀምሩ። ማሽላ ብቻውን ቶሎ ይደርቃል፣ ጤፉ ያለሰልሰዋል። በብርድ ወራት ሊጡ መቡካት ይዘገያል። እሳት ባልነደደበት ኦቨን ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ብታስቀምጡት ይነሳል።

የደረቀ እንጀራ አይጣልም። ቆራርሳችሁ ማሞቂያው አጠገብ ዘርጉት፣ ድርቆሽ ይሆናል። ለቅዳሜ ጠዋት ፍርፍር የሚሆን ሌላ እንጀራ አይገዛም ማለት ነው።

የሕንድ ሱቅ ካነሳሁ አይቀር፣ ለእኛ ቤት ከትልቁ ሱፐርማርኬት ይልቅ የሚጠቅም እሱ ነው። ምስር ክክ እዚያ ማሱር ዳል ነው፣ በትልቅ ከረጢት ይሸጣል። የሽምብራ ዱቄት በሰን ይባላል፤ በደረቅ መጥበሻ ለብ ለብ አድርጋችሁ ከሀገር ቤት ሽሮ ጋር ብትደባልቁት የሽሮውን ዕድሜ ያረዝመዋል። ካሎንጂ ስትሉ ጥቁር አዝሙድ፣ አጅዋይን ስትሉ ነጭ አዝሙድ፣ ሜቲ ስትሉ አብሽ ይሰጧችኋል። ዳጉሳ የሚፈልግ ራጊ ይበል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በትንንሽ ብልቃጥ ከሚሸጠው ቅመም ጋር ዋጋውን አስተያዩት፣ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። ኮረሪማ ግን እዚያ አትፈልጉ።

ሱቅ ውስጥ

ከትልቁ ዋጋ ሥር በትንሹ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ። በኪሎ ወይም በሊትር ስንት እንደሚደርስ የሚናገር ነው። ዓይናችሁ እሱ ላይ ይሁን። ግማሽ ኪሎው ምስር በ2፣ ሁለት ኪሎው በ5 ቢሸጥ፣ የመጀመሪያው ኪሎው 4 ነው፣ ሁለተኛው 2.50። አሜሪካ ፓውንድና አውንስ ነው የሚጠቀሙት፤ አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ወይም 454 ግራም ገደማ ነው። ትልቁ ዕቃ ሁሌ ይረክሳል ብላችሁ ግን አትመኑ። አንዳንዴ ትንሹ ቅናሽ ይደረግበትና እሱ ይረክሳል። ርካሽ ተብሎ የተገዛ አሥር ኪሎ ድንችም ግማሹ ከበቀለ ርካሽ አልነበረም።

የሱቁ የራሱ ስም ያለበት ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር ወይም የቆርቆሮ ቲማቲም ከታወቀው ስም ይረክሳል። ለወጥ ልዩነቱ አይታወቅም። በፍሪዘር የሚሸጥ አተር፣ ፎሶሊያና ቆስጣም አትናቁ፤ የወቅቱ ያልሆነ አትክልት ትኩሱ ውድ ሲሆን እነሱ ዋጋቸው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከኤረር የሚመጣ ማንጎ የራሱ ወር እንዳለው ሁሉ እዚያም ፍራፍሬ ወር አለው። ወሩን ጠብቁ።

ዶሮ ላይ እኛ የያዝነው ትልቅ ሙያ አለ። ሙሉ ዶሮ በኪሎ ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከተቆራረጠው ፈረሰኛ በጣም ይረክሳል። ሱቁ ለመቁረጥ ነው የሚያስከፍለው። 12 ብልት ማውጣት የሚችል ሰው ለዚያ አይከፍልም። አንዱን ዶሮ ለእሑድ ወጥ፣ ሁለተኛውን ለሳምንቱ ብልቱን ለይታችሁ አስቀምጡ። ፈረሰኛው ለሩዝ ይሆናል፤ የጀርባው አጥንት ተቀቅሎ የሾርባ መረቅ ይወጣዋል። የማይችል ወንድም ካለ እናቱ ጋ ቪዲዮ ይደውል፣ እያየችው ታስቆርጠዋለች።

የማብቂያ ቀን ብዙ ምግብ ያስጥላል። እንግሊዝ ሀገር ሁለት ዓይነት ነው፦ "ዩዝ ባይ" የተባለው ለጤና ነው፣ ቀኑ ካለፈ አይበላም። "ቤስት ቢፎር" ግን ስለ ጥራት ነው፤ ሩዝ ወይም ማካሮኒ ቀኑ ስላለፈ ብቻ አይጣልም። አሜሪካ ውስጥ ከሕፃናት የዱቄት ወተት በቀር የፌዴራል ሕግ ቀን እንዲጻፍ አያስገድድም፤ የምታዩት ቀን በአብዛኛው የአምራቹ የጥራት ግምት ነው። ማታ ማታ ቀኑ የደረሰ ሥጋና ዳቦ ዋጋው ሲወርድ ገዝታችሁ በዕለቱ ፍሪዘር ማስገባት ትችላላችሁ።

የተሠራ ወጥ ምድጃ ላይ አይደር። የድሬ ሙቀት ያስተማረን ልማድ ነው፣ ብርድ ሀገርም ቢሆን አትተዉት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስት አራት ቀን ይበላ፤ ካልሆነ ፍሪዘር። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ አይለፍ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ይሁን።

የጋራ ቤትና የማይጠየቅ መብት

አራት አምስት ሆነው አንድ ቤት የሚኖሩ ወንዶች አሉ። እያንዳንዱ የራሱን ዘይት፣ የራሱን ሽንኩርት ይገዛል። አቦ፣ መዋጮ አድርጉ! ለእራት ብቻ እንኳን ቢሆን እኩል አዋጡ፤ አንዱ ይግዛ፣ አንዱ ያብስል፣ በሳምንቱ ተቀያየሩ። ደረሰኙ ፍሪጁ በር ላይ ይለጠፍ። ፍቅር የሚያፈርሰው ያልታየ ሒሳብ ነው።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ስለ ምሳ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ልጅ በነፃ ወይም በቅናሽ ይበላል። እንግሊዝ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የትምህርት ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ሁሉ ምሳቸው በነፃ ነው። አሜሪካ ላይ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ፣ ገቢያችሁም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ዊክ የሚባለውን ፕሮግራም ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ ያስገዛል። ይሉኝታ ይዟቸው ሳይጠይቁ የሚቀሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ልጅ የሚያሳድግ ምግብ ነውና እባካችሁ ጠይቁ።

ከድሬ የሚመጣ ዘመድ ሲኖር

ሻንጣው ላይ ቦታ ካለ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ይምጣ። እነዚህ ውጭ ሲገዙ ውድ ናቸው፤ ኪሎ በርበሬ ለወራት ቁሌት ይበቃል። ቋንጣና ቅቤ ግን አታስጭኑ። አውሮፓ ኅብረት ሀገሮችና እንግሊዝ መንገደኛ ከእኛ ሀገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፣ ይወረሳል። አሜሪካም ቋንጣ አያስገባም፤ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ መግለጽ ግዴታ ነው፣ ያልገለጸ ይቀጣል። ቅቤውን እዚያው ጨው የሌለበት ቅቤ ገዝታችሁ በኮረሪማ፣ በአብሽና በነጭ ሽንኩርት አንጥሩት። ኮረሪማው ደግሞ ሳይፈለፈል ከነልጣጩ ይላክላችሁ፤ መዓዛው ይቆያል፣ በፈለጋችሁት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየፈለፈላችሁ ትወቅጣላችሁ።