ከክለብ ጋር ወደ ደን ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን የከተማዋ የእግር ጉዞ ክለቦች ደጋግመው ከሚሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከታች ጥዱና ዝግባው፣ ከፍ ሲባል ኮሶው፣ ከዚያ በላይ አስታው እየተቀባበለ ወደ 3385 ሜትር ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ጫፍ ላይ ይደረሳል። ሁለት ሰው በእርጋታ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ሠላሳ ሰው ሲገባበት ጠባዩ ይለወጣል። ደን ውስጥ የሚያጋጥመው ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ከቡድኑ አያያዝ ስለሆነ፣ ሱባን ምሳሌ አድርገን የምንዘረዝራቸው ስህተቶች እንጦጦም፣ የረርም፣ ዝቋላም ላይ ያው ናቸው።

ሰዓቱን በፈጣኑ ሰው ልክ ማስላት

አዘጋጁ ቀድሞ መንገዱን ሲያይ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ነው። «አራት ሰዓት ይበቃል» ብሎ ይመለሳል። ስሌቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተደባለቀ ቡድን ደን ውስጥ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጥሩ ነው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 700 ሜትር ከሆነ፣ እግሩ ብቻ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወስዳል። ምሳና ዕረፍት ሲጨመርበት 6 ሰዓት ተኩል ይሞላል። አንድ ወንዝ ላይ የወደቀ ግንድ እንኳ ሰዓት ይበላል፦ እያንዳንዱ ሰው ለመሻገር 30 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 40 ሰው ለማሻገር 20 ደቂቃ ይሄዳል።

ጠዋት 3 ሰዓት እግር ከተነሳ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ጋ ይደረሳል። አውቶቡሱ ያረፈደውን ሲጠብቅ ቆይቶ ጉዞው 5 ሰዓት ላይ ከተጀመረ ግን መጨረሻው 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ በዚያ ሰዓት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ዓይን ለመያዝ ብዙ አይቀረውም። ስለዚህ መልእክት ስትልኩ መሰብሰቢያውንና መነሻውን ለይታችሁ ጻፉ፦ «12 ሰዓት መሰብሰቢያ፣ 12 ሰዓት ተኩል መኪናው ይንቀሳቀሳል»። የመመለሻ ሰዓትም ከቤት ሳትወጡ ይቆረጥ። 7 ሰዓት ከተባለ፣ ጫፉ ላይ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ቢቀርም 7 ሰዓት ላይ ፊት ይዞራል። ይህን ውሳኔ ተራራው ላይ ቆሞ በድምፅ ብልጫ መወሰን አይገባም፤ እዚያ የደረሰ ሰው ሁሉ መቀጠል ነው የሚፈልገው።

መሪ ሾሞ ደጀን አለመሾም

ሰው የሚጠፋው በአብዛኛው ከኋላ ነው። አንዱ ጫማውን ሊያስር፣ ሌላው ሊሸና ወይም ጉሬዛ ፎቶ ሊያነሳ ይቆማል። ፊት ያለው አያየውም፤ ቀና ሲል መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ይጠብቀዋል። ሱባ ውስጥ እንጨት ለቃሚዎችና ከብቶች የሚሄዱባቸው ቀጫጭን መንገዶች ዋናውን እየመሰሉ ይገባሉ። መሪው የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም።

ደጀኑ ከጀማሪዎቹ አንዱ መሆን የለበትም። መንገዱን የሚያውቅ፣ ትዕግሥት ያለው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሻንጣውን የያዘ ሰው ይሁን፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም። ከመንገዱ የሚያስወጣ ጉዳይ ያለው ሰው ቦርሳውን መንገዱ ላይ ትቶ ገባ ይበል፤ ደጀኑ ቦርሳውን ሲያይ ቆሞ ይጠብቃል። መገንጠያ ላይ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፦ ከኋላህ ያለውን ሰው በዓይንህ ሳታይ አትታጠፍ።

ከ15 ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መሪና ደጀን ይኑረው። ቆጠራውን መሪው በጣቱ እየጠቆመ ከሚቆጥር፣ እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠውና በየዕረፍቱ ራሱ ይጥራ። 17 ዝም ካለ ማን እንደጎደለ ወዲያው ይታወቃል። ፊሽካ ለመሪውም ለደጀኑም ያስፈልጋል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተነፋ ችግር አለ ማለት መሆኑን ሁሉም ከመነሻው ይስማ። ኔትወርክ ሸለቆ ውስጥ ይጠፋልና በስልክ አትመኩ፤ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ ባትሪ እንዳይጨርስም ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

በጂንስ፣ በአዲስ ጫማና በአንድ ሃይላንድ ውሃ መምጣት

ጂንስ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። 100 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ላብ የጠጣ የጥጥ ቲሸርት ጫፉ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ቶሎ የሚደርቅ ረጅም ሱሪ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ይያዝ። ቁምጣ ከሳማ፣ ከቀጋና ከአጋም እሾህ አያድንም። ሳማ ከነካችሁ አትከኩት፤ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ፕላስተር ለጥፋችሁ ብትነቅሉት ጥቃቅኑን እሾህ ይዞ ይወጣል።

አዲስ ጫማ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ይረገጥበት። ተረከዝ ላይ ሙቀት የተሰማ ዕለት ውሃ እስኪቋጥር መታገሥ ትልቅ ስህተት ነው። ወዲያው ቆማችሁ እግሩን አድርቁ፣ ፕላስተር ለጥፉ፣ ካልሲ ቀይሩ። ሰው ቡድኑን ላለማስቆም ሲል ሕመሙን ይደብቃል፤ ስለዚህ መሪው በመጀመሪያው ዕረፍት «ማን እግሩን ያቃጥለዋል?» ብሎ ይጠይቅ።

ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር፣ በበጋ 3። ጅረቱ ቢጠራም ከላይ ከብት ይጠጣበታል። የግድ ከሆነ ውሃ አጋር ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ጾምን ሳይጠይቁ ምሳ ማቀድ

ክለቡ ውስጥ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ፣ በረመዳን ውሃም የማይጠጣ ሰው ይኖራል። ምዝገባ ላይ ጠይቁ። በእነዚያ ሳምንታት መንገዱን አሳጥሩት፤ ሽቅቡም በጠዋት ይለቅ። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ ከሆነ ጿሚውንም የፍስኩንም ያግባባል፤ ጭኮ ቅቤ አለበትና ለየብቻ ይያዝ።

ከውጭ የመጣውን በማግስቱ ተራራ ማውጣት

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ የኖረው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ሦስት አራት ቀን ይረፍ። ጉዞው ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ መፍትሔው ቁልቁል መውረድ ነው፤ ብቻውንም እንዳይወርድ።

ወለምታን ወዲያው ማሸት

እግር ወለም ሲል ከቡድኑ አንዱ «ላሽልህ» ማለቱ አይቀርም። ደግነቱ ደግ ነው፣ ግን የተጎዳውን ጅማት ያባብሰዋል፣ እብጠቱንም ይጨምራል። ለመውረድ የአንድ ሰዓት መንገድ ከቀረ ጫማውን አታውልቁ፤ ካበጠ አይመለስም። በሚለጠጥ ፋሻ በጫማው ላይ በስምንት ቅርጽ ጠቅልሉት፣ ዱላ አስይዙት፣ ቦርሳውን ሌላ ሰው ይቀበለው። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ግን ስብራት ሊሆን ይችላልና ተሸክሞ ማውረድ ነው።

ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት

ከጥር እስከ መጋቢት መሬቱ ላይ ያለው የጥድ ቅጠልና ቅርፊት ክብሪት ይጠብቃል። አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ይመስላል፤ ነፋስ ሲያገኘው ይነሳል። የዚህን ደን ጥዶች ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃም። ቡናው በፔርሙስ ይምጣ። ጠባቂዎቹ በፈቀዱት ቦታ እሳት ከተነደደም ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ ደግማችሁ አፍስሱ፤ በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት መቀዝቀዝ አለበት።

ዝናቡን አይቶ አለመውረድ

በክረምት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ በረዶም ይቀላቅላል። ነጎድጓድ ሲሰማ ከጫፉና ከአስታው ሜዳ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ተራርቃችሁ ቁሙ። ሌላም ነገር አለ፦ የጠጠሩ መንገድ ሲጨቀይ አውቶቡስ ሽቅብ መያዝ ያቅተዋል። ሹፌሩ እናንተን ካወረደ በኋላ መኪናውን አዙሮ፣ አፍንጫው ወደ መውጫው ሆኖ ጠንካራ መሬት ላይ ያቁመው፤ ሰማዩ ከጠቆረም ቀደም ብሎ ወደ አስፋልቱ ጠጋ እንዲል፣ የት እንደሚጠብቃችሁም ጠዋት ተስማሙ።