ፋሸታ ሁሉ አንድ አይደለም

የራዲያተር ጎማ ልትቀይሩ ከሆነ ይቺን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ለጎማው ይጨነቅና ፋሸታውን፣ ማለትም ጎማውን ቧንቧው ላይ አጥብቆ የሚይዘውን የብረት ቀለበት፣ እጁ ላይ ያገኘውን ያስራል። ከዚያ ጠዋት ጠዋት መኪናው ስር ጠብታ ያያል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ጠብታው ይጠፋል። እኔም ተሸውጃለሁ፤ ጎማው ነው ብዬ አዲስ ገዝቼ ባስር ያው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማና ቧንቧ ሲሞቁ ይሰፋሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ። በብሎን የሚጠብቀው ፋሸታ ግን ባሰራችሁት ልክ ስለሚቆይ ቅዝቃዜ ላይ ሊላላ ይችላል። በፒንሳ ተጨምቆ የሚገባው የስፕሪንግ ፋሸታ አብሮ ይሰፋል፣ አብሮ ይጠባል። ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡትም ለዚህ ነው። ካልዛገና ጉልበቱ ካልደከመ አውጥታችሁ አትጣሉት።

የብሎኑን ከመረጣችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱት። ጥርሱ ቀበቶውን (ጎማውን የሚዞረውን ጠፍጣፋ ብረት) በስቶ ያለፈ ከሆነ ሲጠብቅ ጎማውን ይበላዋል፣ ሲልከን ጎማ ላይ ደግሞ ይብሳል። ውስጡ ልስልስ የሆነውን ውሰዱ። ብሎኑንም እዩ፤ ቀበቶው የማይዝግ ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት የሆነ ሞልቷል። ልኩን የምትወስዱት ጎማው ቧንቧው ላይ ገብቶ ሳለ ከውጭ ነው፣ ባዶውን ጎማ ለክታችሁ ከሄዳችሁ ሊያጥራችሁ ይችላል።

ስታስሩ ፋሸታው የቧንቧውን ጫፍ እብጠት አልፎ ወደ ቧንቧው ሥር ይሁን፣ እብጠቱ ላይ ከሆነ ይንሸራተታል። ጎማው በቀበቶው ጎንና ጎን መውጣት ከጀመረ በቃ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጡ። ይህን ሁሉ የምትሠሩት ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው እንግዲህ፤ የሞቀ ራዲያተር አይነካም።