የእንጨት ምድጃችን ጭስ ብቻ ሲሆንብን ያደረግነው

ሚኒሶታ ከከተማ ወጣ ብላችሁ በፕሮፔን ጋዝ ቤት ለምታሞቁ። የጋዙ ቢል ሲያስመርረን የእንጨት ምድጃ አስገባን፣ ግን ቤቱ አይሞቅ፣ መስታወቱ ጥላሸት በጥላሸት፣ የእንጨቱ ጫፍ ደግሞ ሲስ እያለ አረፋ ያወጣል። ሻጩ "ደረቅ ነው" ብሎ የሸጠልን ኦክ (ጠንካራ የእንጨት ዓይነት) ነው እንግዲህ! ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁና አንዱን ፍልጥ እንደገና ፈልጬ ውስጡን ስለካው 30 ፐርሰንት አካባቢ፣ መሆን ያለበት ከ20 በታች ነው (ከውጭ ከለካችሁት ይሸውዳችኋል)። ኦክ ተፈልጦ ሁለት ዓመት ገደማ ካልቆየ በደንብ አይደርቅም፣ ስለዚህ ከመሬት ከፍ አድርጌ ደርድሬ ጎኑን ንፋስ እንዲያገኘው ከላይ ብቻ ሸፈንኩት፣ ለዘንድሮ የደረቀ በርች (ሌላ የእንጨት ዓይነት) ገዛን፣ ጭስ ማውጫውንም አስጠረግን ምክንያቱም እርጥብ እንጨት የሚተወው ሬንጅ መሳይ ነገር እሳት ይይዛል። አሁን የፕሮፔን ማሞቂያው የሚነሳው ሌሊት ብቻ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከእሳት የሚወጣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) አላርም ግን እንዳትረሱ።