አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ፦ በጎጃም የዱር እንስሳትንና ወፎችን እያዩ ማስታወሻ እንዴት እንደሚያዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ ደብተሬ ላይ «ትንሽ አዞ፣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃል» ብዬ ጻፍሁ። ማታ ያየሁትን ለአንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ምላሱን አውጥቶ ነበር ልጄ?» አሉኝ። አላስታወስሁም። አርጃኖ፣ ውኃ ዳር የሚኖረው ትልቁ እንሽላሊት፣ ምላሱ እንደ እባብ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ ሲሄድም ሲቆምም ብልጭ ያደርገዋል። አዞ ግን ምላሱን ከአፉ ማውጣት አይችልም። ደብተሬን ገለጥሁ፤ ስለ ምላስ፣ ስለ አንገት፣ ስለ ጅራት አንዳች ነገር የለም። ያለው «አዞ» የሚል ስም ብቻ ነው፤ ስሙ ደግሞ ስህተት ከሆነ መዝገቡ በሙሉ ባዶ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ምሽት በኋላ የተማርሁት ነው።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ፤ ሩቅ አትሂዱ። ጀማሪ ሁሉ ጮቄ ተራራ ላይ ወጥቶ ጅብራና አስታ መካከል መቆም ይመኛል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱም መንገዱም ደጋግሞ አያስኬድም። የሚጠቅማችሁ በየሳምንቱ ልትመለሱበት የምትችሉት ቦታ ነው። እንጅባራ ያላችሁ ዘንገና ሐይቅ አላችሁ፤ መራዊ ያላችሁ የቆጋ ግድብ አላችሁ። ለሌላው ሁሉ የእኔ ምክር በቅርብ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዙሪያው ታርሶ ጤፍና በቆሎ፣ ወይም ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ሾላውና ዝግባው የቀረው ግቢው ውስጥ ነው፤ ጉሬዛውና ወፉም የተጠጋው እዚያው ነው። ሄዳችሁ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ በዛፍ ሥር አትዙሩ።

አንገቱ ላይ ባይናኩላር አንጠልጥሎ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚያደባ ሰው የትም ጥያቄ ያስነሳል። አስቀድማችሁ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለቀበሌው ንገሩ፤ ጊዜው የማያስወጣ ሲሆን ከቤት አትውጡ። ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሾላ ለአንድ ዓመት ሙሉ ታጽፋለች።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ኪስ የሚገባ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እስክርቢቶ በክረምት ዝናብ ይፈስሳል። ባይናኩላር ካለ መልካም፤ ከሌለ ስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ የደበዘዘ ፎቶም ቢሆን ከማስታወስ ይሻላል። ልብስን በተመለከተ የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስላል፤ ነጩን ጋቢ ግን ቤት ተዉት።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ መቀመጥ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ድረሱና ሳትንቀሳቀሱ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ደኑ ባዶ ይመስላል፤ ስትደርሱ ዝም ያለው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጉሬዛ ካለ ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። አውራው ጎህ ሲቀድ እንደ ትልቅ እንቁራሪት የሚያጓራ ድምፅ ያሰማል፤ ከማዶ ያለው ቡድን ይመልስለታል። ሲነጋ ቁጠሩ። ጉሬዛ እንደ ጦጣ መሬት ላይ ሲራወጥ አይውልም፤ ቅጠል በልቶ ረጅም ሰዓት ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ለቆጠራ እንደሱ የሚመች የለም። እጁን ባይናኩላር ውስጥ ካገኛችሁት አውራ ጣት የሌለው መሆኑን ታያላችሁ። ከእናቱ ደረት ላይ የተለጠፈ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ በቅርቡ የተወለደ ግልገል ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሚሆነው ሦስት አራት ወር ሲሞላው ነው። እኔ በኅዳር አንድ ነጭ ግልገል መዝግቤ በመጋቢት ስመለስ ከታላላቆቹ መልክ መለየት አቃተኝ። ያችን አንዲት መስመር ባልጽፋት ኖሮ መቼ እንደተወለደ ለመገመት ምንም መነሻ አይኖረኝም ነበር።

አሁን ወደ አጻጻፉ። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና በሰምና ወርቅ ልናገር፦ ደኑ ውስጥ የምትጽፉት ሰሙን ብቻ ነው። ወርቁን፣ ማለትም ስሙንና ትርጉሙን፣ ቤት ገብታችሁ ፈልጉት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አየሩ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ይቀድማል። መጠንን በምታውቁት ለኩ፤ ከድንቢጥ ያንሳል፣ እርግብ ያህላል፣ ከዶሮ ይበልጣል በሉ። ቀለሙን ስትጽፉ የት ላይ እንደሆነ ጨምሩ። አንዱ መዝገቤ እንዲህ ይላል፦

«ኅዳር 12፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከ20፣ ጥርት ያለ ሰማይ። ሾላው ላይ ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሁለት ናቸው። ከቁራ በጣም የሚበልጡ ጥቁር፣ ሆዳቸውና ከጀርባቸው ዝቅ ብሎ ነጭ። መንቁራቸው ትልቅ፣ የአንደኛው በላዩ ላይ እንደ ቀንድ የተደረበ ነገር አለው። ሲበሩ ክንፋቸው ሹው ይላል።»

ስም የለውም። ቤት ገብቼ ባለ ሥዕል የወፍ መለያ መጽሐፍ ስገልጥ ግን ለመሳሳት ቦታ አልነበረም፤ ጉንጩ ብርማ፣ ዘጌ ደን ውስጥም የሚታየው ባለ ቀንድ መንቁር ወፍ ነው። ያ ትልቁ ቀንድ የወንዱ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሴቷ ስትፈለፍል ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱ በቀረችው ጠባብ ሽንቁር ምግብ ያቀብላታል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ሾላ የማየው ሌላ ዓይን ይዤ ነበር።

የተቀመጠው ሁሉ አይታይም፤ ስለዚህ መሬቱንም አንብቡ። የደረቀ ነጭ ኩስ ካገኛችሁ የጅብ ነው፤ የሚበላው አጥንት ነው ያነጣው። የወደቀ እሾህ ጃርት ማታ በዚያ ማለፉን ይናገራል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ሣሩን ሰንጥቆ ወደ ውኃ የሚወርድ ሰፊ መንገድ ካያችሁ የጉማሬ ነው። ጉማሬ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ይመለሳል፤ በእርሱና በውኃው መካከል አትቁሙ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ውሰዱት።

እረኞችን ጠይቁ። የትኛው ጉድጓድ ውስጥ ምን እንዳለ ከእረኛ በላይ የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ሆኖም በእያንዳንዱ መስመር ፊት ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ። «ጉጉት ትናንት ጮኻ ነበር፤ ሰው ይሞታል» ያለኝን ሰው አልተከራከርሁትም። «ሰማሁ፦ ጉጉት፣ ትናንት ሌሊት፣ ከደኑ ምሥራቅ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሟርቱን ትቼ ጉጉቷን ወሰድሁ።

አንድ ወቅት ብቻ አይበቃም። አደይ አበባ ሲፈካ፣ በመስከረም፣ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች መግባት ይጀምራሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ጣና ዙሪያ አዝመራው በተነሣበት ማሳ ላይ በመንጋ የሚለቅሙ ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች ክሬኖች ናቸው፤ አውሮፓ ሲበርድ ነው እዚህ የሚከርሙት። በክረምት ደግሞ ቢጫዎቹ ጎጆ ሰፊ ወፎች ውኃ ላይ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሣር ይሰፋሉ። የሚሰፋው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፤ ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። እዚያ አንድ ጠዋት ሙሉ መዋል ይቻላል። ምንም ያላያችሁበትን ቀንም መዝግቡ፤ «ዛሬ ጉሬዛ የለም» የሚለው መስመር ከሦስት ዓመት በኋላ ዋጋ አለው።

ለሌሎች ማካፈል ከፈለጋችሁ ኢበርድ ለወፎች፣ አይናቹራሊስት ለሁሉም ዓይነት ሕይወት የሚሆኑ ነፃ መተግበሪያዎች ናቸው። ጎጆ ወይም ግልገል ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ አታሳዩ። ከሁሉ በላይ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩ፤ መስከረም 1 እዚያ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ 12። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያ 8 ሰዓት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ያስገባሁት የመጀመሪያ መዝገብ ባለ ቀንዱን ወፍ በድቅድቅ ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት አልፎ፣ ሾላ ላይ ፍሬ ሲለቅም ያሳያል።